የእማዬን «ደህና ነኝ» በቁጥር ለጠየቀች ሲስተር

እማዬን «እንዴት ነሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላችኋለች። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስታስል ብታድር እንኳ መልሷ ያው ነው። አስም ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። በሄደችበት ሁሉ «እንዴት ነዎት?» ትባላለች፣ «ደህና» ትላለች፣ ሰማያዊው ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ይታዘዝላታል፣ ወደ ቤት። አንድ ቦታማ «ብርድ ነው» ተብላ በሳል ሽሮፕና በአንቲባዮቲክ ከረመች።

ይህን የምጽፈው ሰፈራችን ጤና ጣቢያ የአስም ክትትል ላይ የምትሠራ አንዲት ሲስተርን ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትለጥፊ ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

የካቲት ላይ ነው የሄድነው። ገና እንደተቀመጥን «ፓፉን ይዘውት መጥተዋል?» አለቻት። እማዬ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሲስተር ወዘወዘችው። ባዶ ነው።

«መቼ ገዙት?»

«ገና እኮ ነው ልጄ፣ የጥምቀት ሰሞን።»

ሲስተር ወረቀት አወጣች። አንዱ ፓፍ 200 ጊዜ ይነፋል። ከተገዛ 28 ቀን ሆኖታል። ሲካፈል በቀን 7 ጊዜ መጣ። ከዚህ ፓፍ በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ ድንገት ሊነሳበት እንደሚችል ነገረችን። እማዬ ደግሞ በወር አንድ ነው የምትጨርሰው።

ከዚያ «እናቴ፣ ያለፉትን 4 ሳምንታት ብቻ ያስቡ» ብላ 5 ጥያቄ ጠየቀቻት። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ25 ይያዛል። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው ይባላል። 15 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጨርሶ አልተያዘም ማለት ነው። አስሙ ከሥራ አስቀረዎት? 2። ትንፋሽ አጠረዎት? 2። ሌሊት ቀሰቀሰዎት? በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ 2። ሰማያዊውን ፓፍ ምን ያህል ወሰዱ? እሱን ቀድመን አስልተነዋል፣ 1። የመጨረሻዋ ጥያቄ «እርስዎ ራስዎ ሲገምቱት አስምዎ ምን ያህል ተይዟል?» የምትል ናት። እማዬ ቀና ብላ «ደህና ነኝ» አለች። 4።

ድምሩ 11። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። አንድ ቤት እየኖርን እኮ ነው።

ሲስተር በዚህ አላበቃችም። ስለ አፍንጫዋ ጠየቀች። እኛ ቤት «ሳይነስ ነው» ተብሎ የተተወ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት አሥር ጊዜ ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋ ይታፈናል፣ ያሳክካታል። «የአፍንጫ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ካልታከመ ደረቱም አይሻለውም» አለች። አስም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይሄም እንዳለባቸው የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት። አፍንጫንና ደረትን አንድ ላይ የሚመዝን ካራት የሚባል ባለ 10 ጥያቄ ቅጽም አለ። እሱ ከ30 ነው የሚያዘው፣ ከ24 በላይ ሲሆን ነው ጥሩ የሚባለው።

ዶክተሩ አይቷት በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ ፓፍና የአፍንጫ ስፕሬይ አዘዘላት። ሰማያዊው የታፈነውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ውስጥ ያለውን ብግነት አያክምም። ይህን ልዩነት ለእማዬ እስኪገባት ድረስ የነገራት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

አወሳሰዱን ደግሞ «ያሳዩኝ እስቲ» አለቻት። እማዬ ጫን አደረገችው፣ መድኃኒቱ እንደ ጭስ በአፏ ተመልሶ ወጣ። ለካ ስንት ዓመት አየር ላይ ነው የምትነፋው! ሲስተር የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምጥታ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በሳችው። ፓፉን እዚያ ሰካችና እማዬን በሃይላንዱ አፍ በኩል ቀስ ብላ እንድትስብ፣ ከዚያ ትንፋሿን ይዛ እስከ 10 እንድትቆጥር አደረገቻት። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ሲያልቅ አፏን በውሃ መጉመጥመጥ አለባት። ስፕሬዩን ደግሞ አንገቷን ትንሽ ደፍታ፣ ጫፉን ወደ መሃል አጥንቱ ሳይሆን ወደ ጆሮዋ አዙራ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ እማዬ የጠዋቱን ፓፍ መዝለል ጀመረች። ጾም እስክትፈታ መሆኑ ነው። ሲስተር ስትደውል ሰማች። አልተቆጣቻትም። «ንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» አለቻት። እሳቸውም «መድኃኒት ነው፣ ውሰጂ» አሏት፣ አለቀ። ቡናዋንም አልከለከለቻትም። ብቻ በረንዳ ላይ ይቆላ፣ እጣኑ ይቅር አለች። እጣኑ ላይ ትንሽ ተከራክረዋል።

አስም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ፓፉን አስይዛችሁ ክትትል ውሰዱት። «ደህና ነኝ» ሲል አጠገቡ ሁኑና ሌሊቱን እናንተ ተናገሩ። በእኛ ሰፈር በኩል ያላችሁ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እጠቁማችኋለሁ።

ሰኔ ላይ ለቀጠሮ ሄድን። ያቺው ወረቀት፣ ያው 5 ጥያቄ። 4፣ 4፣ ሌሊቱ 5፣ ፓፉ 4። አምስተኛዋ ላይ ሲደርሱ እማዬ ዝም ብላ አሰበች።

«አሁን ነው እንግዲህ 4» አለች።

21።

ሲስተርዬ፣ እማዬ ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች። እጅሽ ይባረክ።