ቪታልስቲም፦ ለመዋጥ ችግር የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምና ግምገማ

ስትሮክ ከደረሰባቸው ወዲህ ውኃ እንኳ ትን ይላቸው ለነበሩት አባቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምትከታተላቸው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ቪታልስቲም በተባለ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ መጠቀም ጀመረች። መዋጥ ከንግግር ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ ምላስ፣ ጉሮሮና ማንቁርት ለሁለቱም ስለሚያገለግሉ በአሜሪካ ይህን ችግር በአብዛኛው የሚያክሙት እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ እንዲቀርብ የፈቀደው ይህ መሣሪያ፣ በአንገት ፊት በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች አማካይነት በሰከንድ 80 ጊዜ የሚደጋገም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምት ወደ ጡንቻዎቹ ይልካል። ኃይሉ ቀስ በቀስ ሲጨመር መጀመሪያ ይነዝራል፤ በኋላ ግን አባቴ እንደሚሉት ሰው አንገትን ጨበጥ አድርጎ የያዘ ያህል ይሰማል። ሕመም የለውም፤ ጢም በደንብ ካልተላጨ ግን ኤሌክትሮዱ አይጣበቅም።

ሕክምናውን የወደድኩት ባለሙያዋ መሣሪያውን አብርታ ዝም ብላ ስላላስቀመጠቻቸው ነው። አስቀድማ ባሪየም በተባለ፣ በራጅ ላይ ጎልቶ በሚታይ ፈሳሽ የታገዘ የራጅ ምርመራ አስደርጋ ፈሳሹ ወደ ሳንባ የሚያመልጠው መቼ እንደሆነ አየች፤ ከዚያም ኤሌክትሪኩ እየሠራ ደጋግመው እንዲውጡ ታደርጋቸው ነበር፤ ውፍረቱን ራሷ እያስተካከለች ከቤት ያመጣነውን አጥሚት ሳይቀር ተጠቅማለች። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽተኛው ሳይውጥ ሲቀመጥ ሞገዱ ከማንቁርት በላይ ያለውን ሃዮይድ የተባለ አጥንት በመዋጥ ጊዜ እንደሚፈለገው ወደ ላይ በማንሳት ፈንታ ወደ ታች ይጎትተዋል።

አባቴ ዛሬ ፍትፍት ይበላሉ። ለውጡን ሁሉ ለመሣሪያው መስጠት ግን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ብዙ ሰው ያለ ኤሌክትሪክም ይሻለዋል። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለስትሮክ ሕሙማን ሊጠቅም እንደሚችል ቢገልጽም ማስረጃውን ውስን ብሎታል። በአንገትና ራስ ካንሰር ምክንያት ጨረር በወሰዱ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሰፊ ጥናት ደግሞ፣ ኤሌክትሪኩ በመዋጥ ልምምድ ላይ ሲታከል የጨመረው ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ ክፍያውን ከኪሳችሁ የምትሸፍኑ ከሆነ፣ በክፍለ ጊዜው ውስጥ ምን ያህል የመዋጥ ልምምድ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይሞክረው።

ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ለወገብ ሕመም የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ማሻ ገዝቶ ጉሮሮ ላይ መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም፤ የጉሮሮን ጡንቻ አኮማትሮ የመተንፈሻ ቱቦን ሊዘጋ ስለሚችል አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።