አባቴን ዳግም ቆመው ለመስገድ ላበቋቸው የደሴ ሐኪም የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ደሴ ላይ የሚሠሩ አንድ የነርቭ ሐኪም ለአባቴ ስላደረጉላቸው በጎ ሥራ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

አባቴ የፓርኪንሰን ሕመም ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ከእጃቸው መንቀጥቀጥ ይልቅ ቤተሰቡን ያሳቀቀው ግን ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው እየጨለመ መውደቃቸው ነበር። በተለይ በንጋቱ የሱብሂ ሰላት ላይ ይብስባቸዋል፤ ከሱጁድ ተነሥተው ሊቆሙ ሲሉ ይዘረሩ ነበር።

እኚህን ሐኪም ከማግኘታችን በፊት በየቦታው የደረሰብንን መናገር ያማል። አንዱ ጋ የደም ማነስ ነው ተባልን። ሌላው ጋ በተቀመጡበት የደም ግፊታቸውን ለክተው የግፊት ማውረጃ ጨመሩባቸው፤ ከዚያ በኋላ ግንባራቸው እስኪፈነከት ወደቁ። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» የሚለው መልስ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ቆሞ የሚወድቅ ሰው እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ አይለካም?

እኚህ ሐኪም ግን «አባባ፣ እስቲ ጋደም ይበሉልኝ» ብለው አስተኝተው ከለኩ በኋላ፣ በገዛ እጃቸው ደግፈው አቁመው፣ የግፊት መለኪያውን መጠቅለያ ከክንዳቸው ሳያወልቁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ደግመው ለኩ። ተኝተው 150 የነበረው የላይኛው ቁጥር ሲቆሙ 90 ሆነ፤ የ20 መውረድ እንኳ ቀላል እንዳልሆነ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። የአባቴ ጉልበት ሲከዳቸው «አይዞዎት፣ ይዤዎታለሁ» እያሉ በደረታቸው ደግፈው ያቆዩበትን ሰዓት አልረሳውም።

ሕመሙ ሰው ሲቆም የደም ሥርን የሚያጠብቁትን ነርቮች እንደሚጎዳ አስረዱን፤ ከዚያ ያለፈውን ለባለሙያው እተወዋለሁ። በመጀመሪያ የግፊት ማውረጃውን አስቆሙ፤ ውሃ እንዲያበዙና የአልጋው ራስጌ ከፍ እንዲል አዘዙ። ይህ ብቻውን አልበቃ ሲል ሚዶድሪን የሚባለውን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ኪኒን በትንሹ ጀመሩላቸው። መድኃኒቱ በተኙበት ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወጣ ስለሚችል የመጨረሻው ከመኝታ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት። አባቴ ፊደል ስለማይለዩ ሐኪሙ በሰላት ሰዓት ከፋፈሉላቸው፦ «አንዱን ለሱብሂ ሲነሱ፣ ተመልሰው ግን አይተኙ፤ አንዱን ዙሁር ላይ፣ የመጨረሻውን አስር ሰላት ላይ፤ ከመግሪብ በኋላ አይንኩት። እስኪሻልዎ ተቀምጠው ይስገዱ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል።» ሐኪሙ ክርስቲያን ናቸው፤ ይህን ማወቃቸው የወሎን ሰው አያስገርምም።

ፓርኪንሰኑ አልለቀቃቸውም። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ግን ቆመው ይሰግዳሉ፤ በዱዓቸውም የሐኪሙን ስም ከልጆቻቸው ስም ጋር ያነሳሉ።

ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ፣ ባቲም ሆነ ወልድያ ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ሲነሱ የሚወድቁባችሁ ከሆነ እባካችሁ ዝም አትበሉ፤ እኚህን ሐኪም አሳዩአቸው። ስማቸው እንዲለጠፍ ስለማይወዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ በሽተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።