ፖይንት አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ካስገባሁ ከወራት በኋላ (ሆንዳ ሲቢ750)

የኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ኪቱን ከገጠምኩ ወራት አልፈዋል፣ ሙቀትም ዝናብም ረጅም መንገድም አይቷል፣ ስለዚ አሁን በልበ ሙሉነት ማውራት እችላለሁ። ለማያውቃት፣ ሲቢ750 በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣች ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርሳይክል ናት፣ የድሮው ኢግኒሽኗ (ለካንዴላ እሳት ሚሰጠው ክፍል) ሁለት ፖይንት (እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን ሚያስነሳ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው ያለው፣ አንዱ ለ1ኛና ለ4ኛ ሌላው ለ2ኛና ለ3ኛ ሲሊንደር። ክፍተታቸው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሜ መሆን አለበት። ካሙ ላይ ሚሄደው ተረከዝ እየተበላ ሲሄድ ግን ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ (እሳቱ ሚሰጥበት ጊዜ) ይዘገያል፣ ከዛ ሚኒሞው ይበላሻል ሞተሩ ይግላል፣ እንደገና ክዳኑን መክፈትና ማስተካከል ነው።

ኪቱ ፖይንቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ነው ሚገባው፣ ማግኔትና ሁለት ሴንሰር ነው በቃ፣ ሚነካካ ሚበላ ነገር የለውም። ልዩነቱን በደንብ ያየሁት በስትሮብ (ከካንዴላው እሳት ጋር ብልጭ ሚል) መብራት ነው። በፖይንት ጊዜ በቀዳዳው ስታዩ የኤፍ ምልክቷ (እሳቱ መሰጠት ያለበትን ቦታ ምታሳየው) ትንቀጠቀጣለች፣ 1-4ን አስተካክላችሁ ወደ 2-3 ስትሄዱ ደሞ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ታገኟታላችሁ። አሁን ሁለቱም ጋ ምልክቷ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ እስካሁንም ንቅንቅ አላለችም። ጠዋት ቶሎ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋ የተረጋጋ ነው፣ ካንዴላዎቹም አራቱም ተመሳሳይ ቀለም ይዘው ነው ሚወጡት፣ ይሄ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጉልበት ግን አልጨመረም። ጨመረልኝ ሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ በፊት ታይሚንጋቸው የተዛባ ነበር ብዬ ነው ማምነው፣ በደንብ የተስተካከለ ፖይንትም እኮ ያው ጉልበት ይሰጣል።

ሰው ማያወራው ትልቁ ነገር ቮልቴጅ ነው። የኔ ባትሪው ላይ 12.5 እያለ ቦቢናው (የባትሪውን ቮልቴጅ ለካንዴላ ከፍ ሚያደርገው) ጋ በቴስተር ስለካ 11 ገደማ ነበር ሚደርሰው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ በአሮጌ ቁልፍና በአሮጌ ማጥፊያ ስዊች እንዲሁም በዛገ ማያያዣ በኩል ዞሮ ነው ሚመጣው። ኤሌክትሮኒኩ ደሞ ደካማ ባትሪን ከፖይንት ባነሰ ነው ሚታገሰው። ሪሌ (በኤሌክትሪክ ሚታዘዝ ስዊች) አስገብቼ ለቦቢና ከባትሪ ቀጥታ በፊውዝ ሳመጣለት ስፓርኩ ጠነከረ፣ እውነቱን ለመናገር ከመሻሻሉ ግማሹ ከዚች ሽቦ የመጣ ይመስለኛል፣ ስለዚ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ሌላው፣ እንደኔ አይነቱ ኪት የድሮውን ሜካኒካል አድቫንሰር (ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱን ቀደም ሚያደርገው) ነው ሚጠቀመው፣ ስፕሪንጉ ከላላ ወይ በቆሻሻ ከተያዘ ጋዝ ስትለቁ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ፈታችሁ አጽዱት ቀባ አድርጉት፣ ሚቀድም ስራ እሱ ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉት፣ ራሱን ሚያጠፋ ሰርኪት ከሌለው ቦቢናው በጣም ይግላል። የካንዴላ ኮፍያውም ሬዚስተር ያለው ይሁን፣ ሴንሰሮቹ ረብሻ አይወዱም።

ሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፖይንት ሲደክም ቀስ ብሎ ነው፣ እያንገራገረም ቢሆን ቤት ያደርሳል፣ ሞጁል (የኪቱ ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ግን ሲሞት ድንገት ነው። የኔ እስካሁን ምንም አላለም፣ ግን የድሮውን ፕሌት ከነፖይንቱና ከነኮንደንሰሩ ክፍተቱን አስተካክዬ በላስቲክ ጠቅልዬ ከካቻቢቴ ጋር መቀመጫው ስር ነው ማስቀምጠው፣ መንገድ ላይ ለመቀየር ጥቂት ብሎንና ሁለት ሽቦ ነው።