ከፍላሽ ወደ ቦክስ፦ መቅዳት ከተውን ከወራት በኋላ

ሪሲቨሬን አልሸጥኩትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚያገኘኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደሴ ያለው ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን የሚታየው በአብዛኛው በአንዲት ትንሽ ጥቁር ቦክስ ነው። ጎግል ቲቪ የሚባለው የጎግል የቴሌቪዥን ሲስተም የተጫነባት፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ በኤችዲኤምአይ የምትሰካ፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት። ከዚያ በፊት ለዓመታት የኖርነው በሪሲቨርና በፍላሽ ነበር። የምንፈልገውን ፕሮግራም እንቀዳለን፤ ሲመቸን እናያለን፤ ማስታወቂያ ሲመጣ በሪሞት እናሳልፋለን። አሁን የምንፈልገው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ። ማስታወቂያውም አብሮ አለ፤ እሱን ግን እንደ ድሮው ማሳለፍ የለም።

ፍርዴን ልንገራችሁ። ለተከታታይ ድራማና ለዜና ቦክሷ በሰፊው በልጣለች። ለመንዙማና ለበዓል ፕሮግራም ግን ፍላሹን የሚያህል አላገኘሁም።

መጀመሪያ ስለ መቅዳት፣ ምክንያቱም ሪሲቨር እንደሚቀዳ ጨርሶ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ሪሲቨራችሁ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ብዙ ጊዜ ይቀዳል። ፍላሽ ሰክቶ ሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበትን ቁልፍ መጫን ነው፤ አለቀ። እኛ ጋ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አንድ ጊጋ አካባቢ ይይዛል፤ ቻናሉ ኤችዲ ከሆነ ይጨምራል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ ፕሮግራም የሚያህል ረጅም ነገር ተቆራርጦ ነው የሚቀመጠው። ይሄ አያስቸግርም፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን መክፈት ነው።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነበር። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ያውም እስከ 24 የሚቆጥረውን። ማታ 2:30 የሚጀምር ድራማ ለማስቀዳት 20:30 ብሎ መሙላት ያስፈልጋል። ቤታችን ውስጥ ይህን ሒሳብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ራቅ ብሎ ሥራ ከሄደ፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ካደረ፣ ስልክ ይደወልለታል።

ከዚያ ደግሞ ረመዳን ይመጣል። የአገር ውስጥ ቻናሎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት ከሄዱ ወዲህ ብዙ ቤት ሁለት አቅጣጫ የሚያይ ዲሽ ነው ያለው፤ አንዱ ወደ አገር ውስጥ፣ አንዱ ወደ አረብ ሳተላይት። ተራ ሪሲቨር ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። እየቀዳ ሌላ ቻናል ማየት የሚቻለው ሌላው ቻናል እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ካለ ብቻ ነው። እናቴ ተራዊሕን፣ የረመዳንን የማታ ሶላት፣ ከመካ በቀጥታ ማየት ትፈልጋለች። በዚያው ሰዓት ልጆቹ የሚጠብቁት ድራማ አለ። ድራማው ከተቀዳ መካ የለም፤ መካ ከታየ ድራማው የለም። ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልገኝም።

ዝናቡንም ልጨምር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲበረታ የሳተላይቱ ሲግናል ይዳከምና ምስሉ ሳጥን ሳጥን ይሠራል። ተቀድቶ ሲታይም እንደዚያው ነው። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ደግሞ ፋይሉ በደንብ ስለማይዘጋ አንዳንዴ እስከነጭራሹ አይከፈትም። ቦክሷን እንድገዛ የገፋፋኝ ይኸው ነው፤ የአንድ ድራማ የመጨረሻ ክፍል እንዲህ ተበላሽቶብን ቤቱ ውስጥ ለቅሶ የተቀመጡ ነበሩ።

ቦክሷ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገላገለችን። የአገራችን ቻናሎች ዛሬ ብዙውን ፕሮግራማቸውን፣ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ያለው ነፃ የቪዲዮ አፕ፣ ዩቲዩብ ላይ ይጭኑታል። ድራማው ሲያልፍ ያላየ በማግስቱ ያየዋል። ሰዓት መሙላት የለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እናቴ መካን ስታይ ልጆቹ በስልክ ድራማቸውን ያያሉ። መጀመሪያው ወር ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ ሪሲቨሩን በነፃ እሰጣችሁ ነበር።

ማስታወቂያው የከበደን እየቆየ ነው። አንድ ድራማ ስንከፍት ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ነው የሚገጥመን። አንደኛው ቻናሉ ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ የሰፋው ነው፤ ስፖንሰሩ፣ ባንኩ፣ ቀለሙ፣ ሳሙናው። እሱን ወደፊት አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው አፑ ከላይ የሚጨምረው ነው። እሱ ሲመጣ ሪሞቱ ይታሰራል። አንዳንዱ ከአምስት ሰከንድ በኋላ የማለፊያ ቁልፍ ያወጣል፤ አንዳንዱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ድሮ አንድ ጊዜ የምናሳልፈውን አሁን ሁለት ጊዜ እናየዋለን፤ ወላሂ ግርም ነው የሚለው።

ስልክ ላይ ይሄ ያን ያህል አይሰማም። ጣታችን እዚያው ነው፤ ነካ አድርገን እናልፋለን። ሳሎን ውስጥ ሌላ ነገር ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንዷ ስኒ ይዛ፣ አንዷ ፈንዲሻ እያቀበለች ሪሞቱን ማን ይፈልገዋል? የማለፊያ ቁልፉ ወጥቶ ማንም ሳይነካው ማስታወቂያው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀጥላል። ጎረቤታችን እትዬ ፊልሙ የተቀየረ እየመሰላቸው፣ "ምነው ልጄ፣ ያችን ልጅ ምን አደረጓት?" ይላሉ።

መንዙማው ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ወሎ ውስጥ መንዙማ ዝም ብሎ የሚደመጥ ዜማ አይደለም። ረጋ ብሎ ይጀምራል፣ ድቤው ይገባል፣ ተቀባዩ ይሞቃል፣ ሰውም አብሮ ይሞቃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ልክ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መወዛወዝ ሲጀምር የሞባይል ጌም ማስታወቂያ ጮኾ ይገባል። እናቴ፣ "አስተግፊሩላህ! ይሄን ደግሞ ማን ጠራው?" አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከተመለሰ በኋላ ያው መንዙማ ነው፣ ያው ሰው ነው፤ ሙቀቱ ግን ሄዷል። ለዚህ ነው የረመዳንና የመውሊድ ፕሮግራሞችን ዛሬም በሪሲቨር የምቀዳው።

የጌሙ ማስታወቂያ ለምን እንደሚመጣ በኋላ ገባኝ። ቦክሷ የተከፈተችው የትንሹ ልጅ ጌም የሚያይበት አካውንት ላይ ነበር። ማስታወቂያው የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በአካውንቱ ልማድ ነው። ለእናቴ የራሷን አካውንት ከፈትንላት፤ ጌሙ ጠፋ። ማስታወቂያው ግን አልጠፋም፤ ዓይነቱ ነው የተቀየረው። ቦክስ የምትገዙ ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

የዳታው ነገር ደግሞ አለ። በ720 ጥራት ለማየት በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት አካባቢ ፍጥነት ይፈልጋል። ያ በሰዓት ከአንድ ጊጋ ትንሽ ያልፋል። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አራት ደቂቃ ማስታወቂያ ቢገባ 75 ሜጋባይት ያህል የሚሄደው ለማስታወቂያው ነው። ገደብ የሌለው ዋይፋይ ላለው ሰው ምንም አይደለም። በሞባይል ዳታ ሆትስፖት ከፍቶ ለሚያይ ግን የሰው ማስታወቂያ በራሱ ካርድ እየተመለከተ ነው። እንዲህ ከሆነ ጥራቱን ወደ 480 አውርዱት፤ ለድራማ ይበቃል።

ይሄ እኛ ላይ ብቻ የመጣ ነገርም አይደለም። ሰው የራሱን ቴሌቪዥን መቅዳት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤታማክስ በተባለው የሶኒ ቪዲዮ መቅጃ ጉዳይ ላይ፣ ሰው በኋላ ለማየት ብሎ ቤቱ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም ተብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ። በ1999 ቲቮ የሚባል ኩባንያ በሃርድ ዲስክ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ መጣ። ማስታወቂያን ማሳለፍ እዚያ ቤት ልማድ ሆነ። ከዚያ ስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት በቀጥታ ማየት፣ መጣና ማስታወቂያው ራሱ የጠፋ መሰለ። ብዙም አልቆየም። እየተከፈለ የሚታየው ኔትፍሊክስ በ2022 መጨረሻ ማስታወቂያ ያለበት ርካሽ ፓኬጅ ጀመረ። የአማዞኑ ፕራይም ቪዲዮ በ2024 መጀመሪያ ማስታወቂያ አስገብቶ፣ አልፈልግም የሚል ተጨማሪ ይክፈል አለ። ቲቮም በ2025 የመቅጃ መሣሪያ መሸጡን ተወ። ማለፊያው ከተመልካቹ እጅ ወጥቶ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። የእኔ ቅሬታ ከማስታወቂያው ብዛት ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ሪሲቨሩ ላይም ማስታወቂያ ነበር፤ ያውም በብዛት። ግን አንዴ ከተቀዳ የእኔ ነበር፤ እንዳሻኝ አደርገው ነበር።

የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ደግሞ የድሮ ፍላሽ ስከፍት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2011 በፊት የተቀዳ የበዓል ፕሮግራም አለን። በየአሥር ደቂቃው ቢራ! የዘፈኑ መድረክ ቢራ፣ የጥያቄና መልሱ ሽልማት ቢራ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ በኋላ ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ ይገረማል። የእኛው ልጅ፣ "ይሄ ሁሉ ሰው ይጠጣ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። እዚያው ፍላሽ ላይ አንድ ሽማግሌ በማሲንቆ አምባሰል የሚጫወቱበት ቅጂ አለ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣሁት። ቦክሷ ላይ ወደድኩት ብዬ ምልክት ያደረግኩበት ሌላ የበዓል ፕሮግራም ደግሞ አንድ ቀን ስከፍተው "ቪዲዮው የለም" አለኝ። አንዳንዱ በዘፈን መብት ጥያቄ ይወርዳል፤ አንዳንዱን የጫነው ሰው ራሱ ያነሳዋል። ያኔ ተመልካቹን የሚጠይቅ የለም።

ከወረደው በባሰ የሚያናድደው ሰርቀው መልሰው የሚጭኑት ነው። እንዳይያዙ ምስሉን እንደ መስታወት ይገለብጡታል፤ ድምፁን ያቀጥኑታል። በቀኝ እጁ ይጎርስ የነበረው ተዋናይ በግራ እጁ ይጎርሳል። ርዕሱ ደግሞ "ጉድ ፈላ! መጨረሻው ታወቀ!" ነው፤ ስትከፍቱት ያለፈው ሳምንት ክፍል ነው። ቦክሷን ለትልቅ ሰው ከሰጣችሁ የቻናሎቹን ትክክለኛ ገጽ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ስጧቸው።

ስለ ዕቃዋ ራሷ ብዙ የሚወራ የለም። ሪሞቷ ባትሪ ቶሎ አትጨርስም። ውስጧ ያለው ቦታ 8 ጊጋ ብቻ ስለሆነ አፕ ስናበዛባት ትጎተታለች፤ ያልተፈለገውን ሳጠፋ ተስተካከለች። ሳሎናችንና ራውተሩ መሀል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ። 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ግድግዳውን አላለፈውም፤ ወደ 2.4 ስቀይረው ምስሉ ቆሞ መሽከርከሩ ቀነሰ። የድሮ የደሴ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ይህን ሞክሩ።

ስትገዙ ግን ርካሹን ስም የለሽ ቦክስ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለነዚህ ዕቃዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ አንዳንዶቹ ገና ከፋብሪካ ጎጂ ፕሮግራም ተጭኖባቸው እንደሚመጡና የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀል እንደሚጠቀሙበት ነው የገለጸው። "ሁሉም ፊልም በነፃ" ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ባይገዙት ይሻላል። ሱቁ ውስጥ አስከፍቱትና ጎግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ የሚል ትክክለኛ ገጽ እንዳለው እዩ። የስልክ ገጽ በትልቁ ከመጣ ያ ለቴሌቪዥን የተሠራ አይደለም፤ በሪሞት መጠቀምም ያስመርራል።

ዋይፋይ ላለው፣ ድራማ ለሚከታተል፣ ልጆች ላሉት ቤት ግዙ እላለሁ። ዋይፋይ ለሌለው ሪሲቨርና ፍላሽ ይበቃዋል፤ አብሽሩ፣ ምንም አልቀረባችሁም። ቦክስ ገዝታችሁ ሪሲቨሩን መሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። አንዳንድ ሪሲቨር የቀዳውን የሚከፍተው ራሱ ብቻ ነው።