ለደም ሥር ተብሎ የሚሸጠው የነጭ ሽንኩርትና የማር ውህድ

ለገጣፎ መንገድ ዳር ካሉት የባህል መድኃኒት ሱቆች በአንዱ፣ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ የሚሸጠው ውህድ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር ነው። ወረቀቱ «የተዘጋ ደም ሥር ይከፍታል፤ የእግር ሥር እብጠት ያጠፋል» ይላል። ጣዕሙ አይከፋም፤ ሎሚው የማሩን ጣፋጭነት ስለሚያበርደው ለመዋጥ አያስቸግርም። አሠራሩ ግን ያሳዝናል።

ሽንኩርቱን ድፍኑን ቀቅለውታል። ነጭ ሽንኩርት ለደም ዝውውር የሚፈለገው አሊሲን ለሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ሽንኩርቱ ሲወቀጥ እንጂ አስቀድሞ ውስጡ አይገኝም። ሳይወቀጥ እሳት ካገኘው አሊሲንን የሚፈጥረው ኢንዛይም ይሞትና የወጥ ሽንኩርት ሆኖ ይቀራል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይበቃል፤ ድፍንና ልፍስፍስ ያለ ፍሬ ከታየ ተቀቅሏል።

ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል። 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት ተልጦ በሙቀጫ ይወቀጥና ለ10 ደቂቃ ይተው። ከዚያ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተፈግፍጎ፣ ከ2 ሎሚ ጭማቂና ከ250 ግራም ማር ጋር ይቀላቀላል። እሳት አይነካውም። ሎሚው ሲያገኘው ሽንኩርቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢመስል አይደንግጡ፤ ገዢዎች «ሻገተ» ብለው የሚጥሉት ይህንኑ ነው፤ ቀለሙ ግን ከአሲዱ የመጣ ነው፣ ጉዳት የለውም። የተበላሸው የሚታወቀው ሲከፈት እንደ አምቦ ውኃ ጋዝ ሲያወጣና ጠጅ ጠጅ ሲሸት ነው፤ ማሩ በሎሚው ጭማቂ ቀጥኖ መፍላት ጀምሯል። ሱቁ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ መደርደሩ ይህን ያፋጥነዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ በ1 ሳምንት መጨረስ ነው።

ከቁርስ በኋላ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። «በባዶ ሆድ 3 ማንኪያ» የሚለው የሻጩ ምክር ጨጓራ ላለበት ሰው ቅጣት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ማሩን ከስኳር ይቁጠረው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም።

ወረቀቱ ላይ ወዳለው ተስፋ ስንመጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ከፍ ያለ የደም ግፊትን በመጠኑ ሊያወርድ ይችላል። የተዘጋ ሥር ግን አይከፍትም። እግር ላይ ተጠማዞ የሚወጣው ሥር ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ቁልቁል እንዳይወርድ የሚዘጉት ቫልቮች ሲላሉ የሚመጣ ነው፤ የላላ ቫልቭ በማንኪያ አይጠብቅም። ለዚያ ሐኪም የሚያዘው ጠባብ ካልሲና እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ መጋደም ይሻላል።

ሻጩ ገዢውን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አይጠይቅም፤ ትልቁ ቅሬታችንም ይኸው ነው። ነጭ ሽንኩርት ደም ያቀጥናል፤ ደም እንዳይረጋ በሚወሰዱት ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ላይ ሲደረብ መድማት ሊያመጣ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቀድሞ ያቁም። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ ጠርሙሱን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።