ዳታችሁን ሳያጎድል የሚመልስ የትኛው ነው? ግኑካሽ፣ ዋይናብ፣ አክቹዋል ባጀትና ሆምባንክ

የግል ሂሳብ የሚያዝባቸው ሶፍትዌሮች ሁሉም ማለት ይቻላል «ኤክስፖርት» የሚል ቁልፍ አላቸው። የቁልፉ መኖር ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሊታይ የሚገባው፣ የሚወጣው ፋይል ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ሂሳቡ ሳይዛነፍ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። አራቱም ፕሮግራሞች እዚህ የተመዘኑት በዚህ መለኪያ ብቻ ነው። ፍርዱን ለማስቀደም ያህል፣ ግኑካሽና አክቹዋል ያላቸውን ሁሉ ይሰጣሉ። ዋይናብ በቁልፉ የሚሰጠው ጎዶሎ ቢሆንም በኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ዳታውን በቀጥታ የሚጠይቅበት መንገድ) በኩል ይካሳል። ሆምባንክ ታማኝ ነው፤ ቀኑን የሚጽፍበት መንገድ ግን ያልለመደውን ሰው ግራ ያጋባል።

አንድን ፕሮግራም ለመፈተን ዓመታት የሞላው ፋይል አያስፈልግም። አዲስ ባዶ ፋይል ከፍታችሁ ጥቂት ግብይቶች መዝግቡበት፤ 600 ለምግብ፣ 300 ለቤት ዕቃ፣ 100 ለመድኃኒት ተብሎ የተከፋፈለ የ1,000 ክፍያ፤ ከተንቀሳቃሽ ሂሳብ ወደ ቁጠባ የተዛወረ 5,000፤ በሌላ ምንዛሪ የተከፈለ አንድ ወጪ፤ በመጨረሻም ማስታወሻው በአማርኛ የተጻፈ፣ ነጠላ ሰረዝና ትምህርተ ጥቅስ ያለበት ግብይት። ያንን አውጡና በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱት። ክፍፍሉ ጠፍቶ 1,000 ብቻ ከቀረ፣ ወይም ዝውውሩ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አንድ ወጪና አንድ ገቢ ሆኖ ከወጣ፣ ትልቁ ፋይላችሁም በዚያው መልክ ነው የሚወጣው። በማስታወሻው ውስጥ ያለው ትምህርተ ጥቅስ በእጥፍ ተጽፎ ካልወጣ ደግሞ ከእሱ በኋላ ያሉት ዓምዶች አንድ ቦታ እየተገፉ ገንዘቡ ምድብ ውስጥ ይገባል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ሚንት የተባለው የግል ሂሳብ መያዣ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዘጋ ተጠቃሚው ይዞት የወጣው ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ ተራ ጽሑፍ) ነበር። በዚያ ፋይል የገንዘቡ መጠን ሁልጊዜ አዎንታዊ ሆኖ ይጻፋል፤ ወጪ ይሁን ገቢ የሚለየው «ዴቢት» ወይም «ክሬዲት» የሚል ቃል በያዘ ሌላ ዓምድ ነው። ያንን ዓምድ ሳያነብ ያስገባ ሰው ወጪው ሁሉ ገቢ ሆኖለት ያገኘዋል። ፋይሉን ሳታስገቡ «ዴቢት» ያለበትን ረድፍ በሙሉ በ-1 አባዙት።

ግኑካሽ ሁለት መውጫ አለው። የመጀመሪያው «ፋይል» ሥር፣ «ኤክስፖርት» ውስጥ ያለው «ኤክስፖርት ትራንዛክሽንስ ቱ ሲኤስቪ» ነው። እዚህ ላይ «ሲምፕል ሌይአውት» የሚለውን አማራጭ አትምረጡ። እሱ ግብይቱን መዝገቡ ላይ በአንድ መስመር እንደሚታየው አድርጎ ስለሚያወጣው የክፍፍሉ ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ራሱም በዚያው መስኮት ያስጠነቅቃል። አማራጩ ሲተው እያንዳንዱ የክፍፍል ክፍል በየራሱ መስመር፣ ከሙሉ የሂሳብ ስሙ ጋር ይወጣል። ቀኑና መግለጫው ከመጀመሪያው መስመር ቀጥሎ ባዶ ሆነው ካገኛችኋቸው ከላይ ወደ ታች ሙሏቸው፤ አለበለዚያ ፋይሉን በቀን የደረደራችሁ ዕለት ክፍፍሉ ይበታተናል። በዚህ መንገድ በጀትና በቀጠሮ የሚደገሙ ክፍያዎች አይወጡም።

ሁለተኛው መውጫ የተሻለ ነው። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ የዳታ ዓይነቱን ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) አድርጉት። ሂሳቦች፣ ግብይቶች፣ ክፍፍሎች፣ ምንዛሪዎችና ዋጋዎች በየራሳቸው ሠንጠረዥ፣ ሁሉም የየራሳቸውን መለያ ይዘው ይቀመጣሉ። ገንዘቡ የሚጻፈው በክፍልፋይ ነው፦ 125.50 በአንድ ዓምድ 12550፣ በጎኑ 100 ሆኖ ይገኛል። ሁሉንም በ100 ማካፈል ስህተት ነው፤ ሳንቲም የሌለው ምንዛሪ ወይም አክሲዮን ሲኖር አካፋዩ ይለያያልና ሁልጊዜ በጎኑ ባለው ቁጥር አካፍሉ። «ሴቭ አዝ» ካደረጋችሁ በኋላ ፕሮግራሙ የሚሠራው በአዲሱ ፋይል ላይ መሆኑንም አትርሱ፤ ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ የቀድሞውን ከፍታችሁ ይሁን።

ዋይናብ በድረ ገጹ በኩል አንድ ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ይሰጣል፤ ውስጡ የግብይት መዝገብና በየወሩ የተመደበው በጀት በሁለት ሲኤስቪ ፋይሎች አሉ። መዝገቡ ወጪና ገቢን በሁለት ዓምድ ይለያል፣ ከቁጥሩ ጎንም የምንዛሪ ምልክት ያስገባል። ምልክቱን አጥፍታችሁ ከገቢው ወጪውን ስትቀንሱ ትክክለኛው መጠን ይገኛል። ቅር የሚያሰኘው ክፍፍሉ ነው። ሦስቱ ክፍሎች ሦስት ረድፍ ይሆናሉ፤ አንድ ግብይት መሆናቸውን የሚናገረው ማስታወሻው ላይ «ስፕሊት (1/3)» ተብሎ የሚገባው ጽሑፍ ብቻ ነው። የራሱ የሆነ የግብይት መለያ የለም። በአንድ ቀን፣ ለአንድ ተከፋይ፣ ሁለት የተከፋፈሉ ግብይቶች ካሉ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ ከረድፎቹ ቅደም ተከተል በቀር የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ፋይሉን ገና ሳትደረድሩት ተራ ቁጥር የሚይዝ አዲስ ዓምድ ጨምሩበት። በየወሩ ለሚከፈልበት አገልግሎት ይህ በቂ አይደለም። ኤፒአዩ ግን መለያዎቹን፣ የክፍፍሉን ዝምድናና የዝውውሩን ሁለት ጫፎች አያይዞ ይሰጣል። ከመለያ ቅንብሩ ውስጥ የግል ቶከን (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ቁልፍ) አውጥታችሁ ሙሉውን በጀት በአንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። መጠኑ በሺኛ ይጻፋል፤ -123930 ማለት -123.93 ነው።

አክቹዋል ባጀት ከሁሉም ግልጽ ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኤክስፖርት ዳታ» ስትሉ የሚወርደው ዚፕ ፕሮግራሙ ራሱ የሚሠራበትን የኤስኪውላይት ፋይል ይዟል፤ ከዚህ በላይ ምንም አይጠየቅም። ነገር ግን ጥሬ ዳታቤዝ ነውና አነባበቡን ማወቅ ያሻል። ገንዘቡ ያለ ነጥብ ነው፣ 12550 ለ125.50። ቀኑ እንደ 20240131 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። የሰረዛችሁት ግብይት ከሠንጠረዡ አይወጣም፤ «ቱምስቶን» የሚለው ዓምድ 1 ሆኖ ይቀመጣል። የተከፋፈለ ግብይት ደግሞ ድምሩን የያዘ አንድ የወላጅ ረድፍና የልጆች ረድፎች አሉት። ከላይ ያለውን የ1,000 ክፍያ ሳታጣሩ ብትደምሩት 2,000 ይሆናል። ቱምስቶኑ 0 የሆነውን ብቻ ወስዳችሁ የወላጆቹን ረድፍ ሳትደምሩ ስትተዉ ቀሪ ሂሳቡ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ጋር ይገጥማል።

ሆምባንክ ፋይሉን በኤክስኤምኤል፣ ማለትም በተራ ጽሑፍ፣ ስለሚያስቀምጥ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። የሚያደናግረው ቀኑ ነው፤ ከ1ኛው ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ይጻፋል። 693594 ስትቀንሱለት የኤክሴል ቀን ይሆናል፤ ለምሳሌ 719163 ወደ 25569 ይመጣል፣ እሱም ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። ኪውአይኤፍ የተባለውን የቆየ የሂሳብ ፋይል ዓይነትም ያወጣል።

ስለ ኪውአይኤፍ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ብዙ ሰው ሌላ አማራጭ እያለው እሱን ይመርጣል። ክፍፍልንና በቅንፍ የተጻፈ የዝውውር ሂሳብን መያዙ መልካም ነው። ነገር ግን ምንዛሪ አይጽፍም፣ የግብይት መለያ የለውም፣ የፊደል ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ በቁጥር የተጻፉበትን ስልት) አይናገርም፣ ቀንና ወር የትኛው እንደሚቀድምም አያስታውቅም። ሁለቱንም ሂሳቦች ስታስገቡ ያ 5,000 ከሁለቱም ፋይል ሊመጣ ይችላል፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ካላጣመረው እጥፍ ይሆናል። ባንኮች የሚሰጡት ኦኤፍኤክስ የተባለው የፋይል ዓይነት በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ግብይት መለያ ስላለው ድግግሞሽን ይከላከላል፤ ምድብ ግን አይዝም። ስለዚህ ከባንክ ዳታ ለመሳብ እንጂ ምድብና ክፍፍል የሞላበትን መዝገብ ለማዛወር አይሆንም። በአሮጌው የኦኤፍኤክስ ዓይነት ራስጌው ላይ 1252 የሚል የፊደል ስብስብ ካያችሁ፣ ያ ስብስብ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው የአማርኛ ማስታወሻ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ቢመጣ አይግረማችሁ።

ሲኤስቪን ኤክሴል ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ መክፈት ብዙ ዳታ ያበላሻል። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ የሂሳብ ቁጥር መጨረሻው ዜሮ ይሆናል፣ ከፊት ያለው ዜሮ ይረግፋል፣ 03/04 የኮምፒውተሩ ቅንብር እንደፈቀደ ይተረጎማል፣ አማርኛውም ሊበላሽ ይችላል። «ዳታ» ከሚለው ትር «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በሉና ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ የቁጥርና የቀን ዓምዶቹን ጽሑፍ አድርጋችሁ አስገቡ። ዋናውን ፋይል ግን በፍጹም በላዩ ላይ አታስቀምጡበት።

ከገባ በኋላ የእያንዳንዱን ሂሳብ ቀሪ በሦስት ቀን ላይ አነጻጽሩ፦ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ መሃል ላይ፣ እና ዛሬ። ልዩነቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። የዛሬው ገጥሞ የመሃሉ ካልገጠመ ቀንና ወር ተለዋውጠዋል። ልዩነቱ የአንድ ዝውውር ልክ ከሆነ ያ ዝውውር ወይ ተደግሟል ወይ ጎድሏል። የአንድ ክፍያ እጥፍ ከሆነ ምልክቱ ተገልብጧል። ሁሉም መቶ እጥፍ ከሆነ ሳንቲሙ አልተካፈለም። ይህ እስኪጠናቀቅ ድረስ አዲሱን ፕሮግራም ከባንክ ጋር አታገናኙት፤ ባንኩ የሚልከው ያለፉት ሳምንታት ዳታ ካስገባችሁት ጋር ተደርቦ ልዩነቱን ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ ያደርገዋል።