«በረዶ ላይ የሚሄድ ጎማ ጭቃ አይበግረውም» ለሚሏችሁ ጆሮ አትስጡ

ክረምት ሲገባ እነሱም ብቅ አሉ። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በዱከም መስመር፣ በቡራዩና በሰበታ መውጫ መንገድ ዳር ጎማ ከምረው የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ክምር፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ አንድ ክሪክ፣ ሁለት ሦስት ጎረምሳ፣ ጃንጥላ ስር ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ አለቃ። ንግግራቸው እንኳን አይለወጥም፦ «ኮንዶሚኒየም ነሽ አይደል? ኮዬ ነው አራብሳ? በቃ ገባኝ። ሁለተኛ መኪና ገዝተሽ ምን ልታደርጊ? ይሄ ከውጭ የመጣ የበረዶ ጎማ ነው። በረዶ ላይ የሚሄድ ጭቃ ይበግረዋል እንዴ? ግጠሚውና ፎር ዊል በይው።»

ይህን የሰማችው ኮዬ ፈጬ የምትኖር፣ ቪትዝ የምትነዳ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ከአስፋልቱ እስከ በሯ ያለው መንገድ ክረምት ክረምት መረሬ ጭቃ ነው። አሮጌ ፎር ዊል ቪታራ ልግዛ ወይስ ጎማ ልቀይር እያለች ስታመነታ ነው እጃቸው የወደቀችው። አራቱም ጎማ ከቸርኬው ሲወጣ የታየው ጉድ ነው ይህን የሚያስጽፈው።

አሠራራቸውን ልብ በሉ። አለቃው ከክምሩ አናት ላይ አንዱን አውርዶ፣ ጎኑን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ቁጥር አሳያት፤ 2322። «ሃያ ሦስተኛ ሳምንት፣ 2022 የተሠራ። ራስሽ አንብቢው» አላት። ውሸት አልነበረም። ያ ጎማ የ2022 ነበር፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። በአዲሱ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ተስማሙ። ከዚያ፣ «በቴሌብር አድርጊው፤ እዚህ ጋ ኔትዎርክ አይይዝም፣ ወደ አስፋልቱ ወጣ በይ» ብሎ ላካት። ብሩ ገባ ሲባል አልገባም፣ ደግመሽ እዪው፣ ቁጥሩን አረጋግጪ እያሉ ሲያመላልሷት መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች። ልጆቹ ደግሞ ጎማ የሚያመጡት ከክምሩ ሳይሆን ከቆርቆሮው ጀርባ ነው።

ስትመለስ ቁጥሩን ፈለገች። የለም። አራቱንም ዞረች፣ የለም። «ቀኑ የታለ?» ብትል፣ ብሎን የሚያጠብቀው ልጅ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ቀኑ ወደ ውስጥ ነው የሚገጠመው፣ ጭቃ እንዳያጠፋው» አላት። ሌሎቹ ተያይተው ሳቁ። አለቃው ከወንበሩ አልተነሳም።

ጭቃ እንዳያጠፋው! ቁጥሩ እኮ ጎማው ሲሠራ አብሮ በቅርጽ የወጣ ነው፤ በጭቃ ቀርቶ በብሩሽ ቢፈተግ አይጠፋም። የማጭበርበሪያው ቁልፍ ይህቺ ስለሆነች በደንብ እንያት። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ሦስት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ረጅም ኮድ የመጨረሻ አራት አሃዞቹ ሳምንትና ዓመት ናቸው። ኮዱ ከነቀኑ ሙሉ ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በጎማው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን ሳይጨርስ ይቆማል። ስለዚህ ባለ ቀኑን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ የገጠመ ሰው ዕድሜውን ደበቀ ማለት ነው። ለማየት ከመኪናው ስር መተኛት አለባችሁ፣ እነሱ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ጭቃ ላይ እንደማትተኛ ያውቃሉ።

ግን ራሳቸውን የሚያጋልጡበት ቦታ አለ። ብዙ የበረዶ ጎማ ጥርሱ የቀስት ቅርጽ ነው፤ ጎኑ ላይም የመዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለው። እንዲህ ያለ ጎማ አራቱም አንድ ዓይነት ሆኖ በትክክል ከተገጠመ፣ በአንደኛው የመኪናው ጎን ቀኑ ወደ ውጭ፣ በሌላው ጎን ወደ ውስጥ ይሆናል። አራቱም አንድ ላይ ከተደበቁ ሁለቱ ወደ ኋላ እየዞሩ ነው። የእሷ በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ቀስታቸው ወደ ኋላ ነበር። እንዲህ የተገጠመ ጥርስ ውሃን ወደ ጎን ገፍቶ እንደማውጣት ወደ መሃል ይሰበስበዋል፤ ዝናብ ላይ መኪናው ከአስፋልቱ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ፍሬን ስትይዝ ከፊቷ የነበረውን ሲኖትራክ ለጥቂት ነው የሳተችው።

ሲፈታ የተገኘው ይኸውላችሁ። ሦስቱ 4113፣ አንዱ 3912። ያሳያት የ2022 ጎማ ከአራቱ መሃል የለም። አንዱ ውስጡ ሁለት ቦታ ተለጥፏል። ሌላው ከውስጥ በጎኑ ዙሪያውን የተፋቀ መስመርና የጎማ ዱቄት አለው፤ ንፋስ ጎድሎት ረጅም መንገድ የተነዳ ጎማ ምልክቱ ይሄ ነው፣ የጎኑ ክር ደክሟል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይፈነዳል። በ80 ስትነዳ መሪው የሚንቀጠቀጥባት ደግሞ ሦስተኛው አናቱ ላይ አብጦ ስለነበር ነው። ያንን በባላንስ ሚዛን አታስተካክሉትም፤ ውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ መላቀቅ ጀምሯል።

ከሁሉ የሚያናድደው ጥርሱ ነው። ቦዩ ጥልቅ፣ አዲስ ይመስላል። ግን ዋናው ቦይ ውስጥ ተሻግረው የሚገኙት ጉብታዎች፣ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከወለሉ እኩል የሚሆኑት፣ መሃላቸው ተቆርጧል። በጋለ ምላጭ ቦዩን አጥልቀውታል ማለት ነው። የከባድ መኪና ጎማ አንዳንዱ እንዲቆረጥ ተብሎ ወፍራም ሆኖ ይሠራል፤ ያም ጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የቤት መኪና ጎማ ግን ከቦዩ ስር የሚተርፈው ጎማ ስስ ነው፤ ምላጩ ትንሽ ከጠለቀ ሽቦው ጋ ይደርሳል፣ በዚያ በኩል የገባ ውሃ ሽቦውን ያዝገዋል።

የዚህ ጎማ አገሩ ሌላ ነው። ጀርመን በረዷማ መንገድ ላይ የበረዶ ጎማ ሳይገጥሙ መንዳት ያስቀጣል፤ ስዊድንም ከፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ መንገዱ በረዶ ሲይዝ፣ ያስገድዳል። እዚያ ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቀይሩት ይባላል፤ ጃፓን የሚሠራው ደግሞ ጥርሱ ግማሽ ሲያልቅ ለበረዶ እንዳበቃለት የሚናገር የራሱ ምልክት አለው። እዚያ አገልግሎቱን የጨረሰው ነው ዱከም ዳር ቀለም የሚቀባው። ሚስማር የነበረበት ከሆነ ደግሞ ሚስማሩ የተነቀለበት ክብ ክብ ቀዳዳ ጥርሱ ላይ በረድፍ ይታያል፤ በማስቲሽ ደፍነው «የፋብሪካ ዲዛይን ነው» ይሏችኋል።

ደህናና አዲስ እንኳን ቢሆን ለእኛ አይሆንም። የበረዶ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ የተቀመመ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ እንደዚያ የሚቀዘቅዘው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው፣ ያኔ ደግሞ መንገዱ ደረቅ ነው። ጭቃ ያለበት ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ለስላሳው ጎማ ሞቅ ያለ አስፋልት ላይ ይፋቃል፣ ፍሬን ሲያዝ ጥርሱ ይተጣጠፋል፣ የማቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ይዛችሁ፣ 120 በተፈቀደበት፣ አሥር ዓመት ያለፈው የበረዶ ጎማ ላይ መቀመጥ ራስን መጣል ነው።

ጭቃውስ? «በረዶ ላይ ከሄደ» የሚለው ክርክር ጥሩ ይመስላል፣ መሠረት ግን የለውም። የበረዶ ጎማ ጥርስ ላይ ምላጭ የሚያህሉ በጣም ብዙ ስንጥቆች አሉ። በረዶ ስንጥቁና ቦዩ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ በረዶ ደግሞ ከበረዶ ጋር ስለሚያያዝ ጎማው ይጨብጣል። መረሬ ጭቃ እንደዚያ አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ጎማውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ እርስ በርሱ ግን ይንሸራተታል። ስንጥቆቹ ሊጥ እንደደፈነው ወንፊት በአንድ ዙር ይደፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ ሊሾ ጎማ ነው። የጭቃ ጎማ የሚባለው ቦዩ ሰፊ፣ ትከሻው ክፍት፣ ሲሽከረከር ጭቃውን አሽቀንጥሮ የሚጥል ነው፤ በቪትዝ ልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ጎማ በቀላሉ አታገኙም። ጎኑ ላይ ያለውን ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) እያሳዩ «ጭቃ ብሎ ተጽፎበታል» ሲሏችሁም አትደናገጡ፤ ያ ፋብሪካው ያለ ፈተና ራሱ የሚለጥፈው ጽሑፍ ነው። ተፈትኖ የሚሰጠው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ከነበረዶ ቅንጣቱ ነው፣ እሱም የሚመሰክረው ለበረዶ ብቻ ነው።

እና ቪታራው ይሻላል ወይ? ችግሩ መንሸራተት ብቻ ከሆነ አይሻልም። ቪትዝ ከመሬት ያላት ከፍታ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆዷ ጭቃው ላይ ከተቀመጠ ግን ምንም ዓይነት ጎማ አያወጣትም፣ ያኔ ስለ ከፍ ያለ መኪና ማሰብ ተገቢ ነው። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለታገደ አሮጌ ፎር ዊል በዋጋ የሚቀመስ አይደለም። በዚያ ላይ ሁለተኛ ቦሎ፣ ሁለተኛ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቆሞ የሚሞት ባትሪ፣ ምናልባትም ዕድሜው ያለፈ ሌላ አራት ጎማ አብሮ ይመጣል። ፎር ዊል ለመሄድ እንጂ ለማቆም እንደማይረዳም አትርሱ። ጭቃው አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ዝናብ በጠናበት ቀን አስፋልት ዳር ጥበቃ ያለበት ቦታ አቁሞ በባጃጅ መግባት ከሁለቱም ይረክሳል። ደህና ጎማ ያለው ሰው ንፋሱን ከ32 ወደ 24 ፒ ኤስ አይ ዝቅ አድርጎ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍጥነቱን ሳያቋርጥ ያልፋል፤ አስፋልት ሲወጣ መልሶ መሙላት ግዴታ ነው።

ጎማዎቹን ጭና ስትመለስ የጠበቃት ንቀት ነው። 4113ን ስታሳየው አለቃው ሳይሽኮረመም፣ «13 ማለት 2013 ነዋ። ትናንት በለው!» አላት። ፋብሪካ በእኛ አቆጣጠር አይጽፍም፤ የ2013 41ኛ ሳምንት በእኛ የ2006 መስከረም መጨረሻ ነው። በአንድ አፍ ሰባት ዓመት ቀነሰለት። ያውም ያው ሰው ነው 2322ን በፈረንጅ ያነበበላት! መንሸራተቱን ስትነግረው ደግሞ ዙሪያውን ላሉት ጮክ ብሎ፣ «ጎማው ምንም አልሆነ፤ መሪው ላይ ያለው ሰው ነው» አለ። በሕግ እጠይቃለሁ ብትለው፣ «ደረሰኝ አለሽ?» አላት። የለም። ቴሌብሩም የገባው በግለሰብ ስልክ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች መብቱን ይደነግጋል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ማን ሸጠልኝ ብላ ትከራከር?

የምትገዙ ከሆነ ብሩን ከመላካችሁ በፊት የአራቱንም ቁጥር በስልካችሁ አንሱት፣ ጎማው ቸርኬ ላይ ሲወጣ አጠገቡ ቁሙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ። ቀለሙን በጨርቅ ጠርጋችሁ ቦዩ ውስጥ ያለው ጉብታ መቆረጥ አለመቆረጡን እዩ። አሮጌ ጎማችሁንም እዚያ ጥላችሁ አትሂዱ። የእሷ ሁለቱ ከገዛችው ይሻሉ ነበር፤ መልሱልኝ ስትል «ተሸጡ» አሏት።